ማር የሚጠጣ ጉልበት

«እናትየዋ ፊደል ስትቆጥር ልጅየዋ ደረጃ ቆጠረች» ሲሉ ዛሬ ጠዋት ሰማኋቸው። እትዬ ናቸው፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት፤ በኩሽናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ከታች ቤት ጎረቤታችን ጋር ያወራሉ። ጎረቤታችን ሳቀች። እኔ ከግድግዳው በዚህ በኩል መሬት ላይ ተቀምጬ የልጄን ጫማ እያሰርኩ ነበር። ልጄም ሰማች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዝም ብላ መቀመጥ ስለማታውቅ ቤት ውስጥ «ቁንጫ» እንላታለን። ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች። እንዳልሰማ ሆኜ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ምን እላለሁ? የተናገሩት ሐሰት አይደለም። የዛሬ ዘጠኝ ቀን አመሻሽ ላይ፣ እኔ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ውስጥ ከሃያ ሴቶች ጋር ተቀምጬ ከሰሌዳ ስገለብጥ፣ ቁንጫ ከሦስተኛ ፎቅ እየዘለለች ስትወርድ በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተንሸራታ ቀኝ ጉልበቷን ተላጠች። የሻይ ስኒ ቂጥ የምታህል ቁስል ናት። ጥልቅ አይደለችም፣ አጥንት አልነካችም። በሳምንቷ ቅርፊት ሠርታ በአሥረኛው ቀን የምትረሳ ዓይነት ናት። ግን አልዳነችም።

ገና በመጀመሪያው ምሽት፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ስገባ፣ እትዬ የማር ጠርሙሳቸውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው የልጄን ጉልበት ቀብተው ጨርሰው ነበር። «ለጭረት ሐኪም ቤት አይኬድም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «አራት ወንድሞቼን በማር ነው ያሳደግኩት፣ ያንቺን ባል ጨምሮ። አንዱም አላነከሰም።» ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቤቱ የእኔና የእሳቸው ነው፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ክርክር የለም። «እሺ እትዬ» አልኩ። «እሺ» ማለት አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ማሩ አሰብኩ። ጣፋጭ ነገር እንዴት ቁስል ላይ ይደረጋል? ጉንዳን የሚጠራ ነገር በሽታስ አይጠራም? በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ርሶ፣ ቢጫ ውኃ አውጥቶ፣ አንሶላዋ ላይ እድፍ አትሞ አገኘሁት። እኔ የልብስ ማጠቢያ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ፤ አንሶላ ላይ ያለ ቢጫ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። መግል ነው አልኩ። ያንኑ ቀን ከመድኃኒት ቤት አልኮልና ጥጥ ገዝቼ ከክረምት ልብሶቼ ሥር ደበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልናገር። ጠዋት እትዬ ሳይነሱ ልጄን ወደ መታጠቢያው አስገባና ፋሻውን እፈታለሁ፤ የቀረውን ማር ለብ ባለ ውኃ አጥባለሁ፣ በአልኮል እጠርገዋለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ማታ ሳስተኛትም እንደዚያው። እትዬ ቋጠሮውን በጉልበቷ ግራ በኩል ስለሚያደርጉት እኔም ግራ በኩል አደርገዋለሁ፤ ጫፉንም እንደሳቸው ወደ ውስጥ እቀረቅረዋለሁ። በገዛ ልጄ ላይ ሌባ ሆንኩ። አልኮሉ ሲነካት ትንፋሿን ትሰበስባለች እንጂ አትጮኽም፤ ምክንያቱም አትጩኺ ብያታለሁ። «ለእትዬ እንዳትነግሪ፣ እሺ?» እላታለሁ። «እሺ» ትለኛለች፤ ከእኔው የወረሰችው «እሺ» ነው።

ዛሬ ጠዋት ፋሻው ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። በውኃ አርሼ ቀስ ብዬ ስስበው ስስ የሆነ ነገር አብሮት ተነሣ፤ ከሥሩም ደም እንደ መርፌ ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ አለ። ዙሪያው ቀልቷል። ግንባሯን በእጄ ጀርባ ዳሰስኩ፤ የሞቀ መሰለኝ። የራሴን ዳሰስኩ፤ እሱም ሞቀብኝ። «ያምሻል?» «አያምም።» «እውነቱን ንገሪኝ።» «ማሚ፣ ዛሬ ባትፈቺውስ?» አለች። ቀድሜ ፈትቼዋለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እግሯን ሳታጥፍ እንደ ምርኩዝ እየወረወረች ነው የምትራመደው። በር ላይ ስሰናበታት እንደ ልማዴ «ለእትዬ…» ስላት አላስጨረሰችኝም። «እኔ ለማንም ለማንም አልናገርም» አለችና ገባች። የድካም ድምፅ ነበረው፤ እንደ ትልቅ ሰው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ሥራ ሊረፍድብኝ ነበር።

የምሠራበት ቤት የእንግዳ ማረፊያዎችንና የሁለት ክሊኒኮችን አንሶላ ያጥባል። ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ከውጭው ዓለም የምናየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው። እኔ መተኮሻው ላይ ነኝ። ከማዶዬ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የምትይዘው ሴት «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ጠዋት ከተከፈተች ማታ ነው የምትዘጋው። ስለ ጉልበቱ ልነግራት አላሰብኩም ነበር። ግን አንሶላ አብረሽው ከምታጥፊው ሰው ፊትሽን መደበቅ አይቻልም፤ በእያንዳንዱ እጥፋት እየተጠጋሽ ትሄጃለሽ፣ በመጨረሻ አፍንጫ ለአፍንጫ ነው። «ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ ካልተተኮሰው በኩል የመጣ ይመስላል» አለች። ነገርኳት። «ማር?» አለች አንሶላውን ይዛ ቆማ። «ማርማ ዛሬ ዘይትን አስንቋል፤ በዚህ ዋጋ ጉልበት ይቀባል እንዴ? ደግሞ ስኳር እኮ ነው! የዚያች የድሮ ጎረቤቴ ባል፣ ስሙ ጠፋኝ፣ በእግር ጣቱ የጀመረች ቁስል ናት፤ ማር፣ ማር ሲሉ እግሩን እስከዚህ…» በእጇ ጭኗን መታች። አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ሦስት አንሶላ ካጠፍን በኋላ፣ «ለነገሩ ሰውየው የስኳር በሽተኛ ነበር መሰለኝ» ብላ ጨመረች። ይህቺን ግን ጆሮዬ አልተቀበላትም። የሰማሁት «እስከዚህ» ያለችውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለኝ። ከክሊኒኩ የመጣ የትራስ ልብስ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቢጫ ክብ አየሁና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ የማን ትራስ ነበር? ሰውየው ወይም ሴትየዋ ምን ሆኑ? በዚያ መሐል ሌላ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ። የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ሲነሣ አለቃችን ከቢሮው ወጣ፤ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ሁልጊዜ ሽታ ሲነሣ ብቻ ነው የሚወጣው። «ሐሳብሽ የት ነው?» አለኝ። «የልጄ ጉልበት ላይ ነው» አልኩት። ሬዲዮ ሳቀች፤ እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። አለቃችን የትራሱን ልብስ አገላብጦ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «ሂጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ትተኪያለሽ» አለ። ሽርጤን ሳልፈታ ነው የወጣሁት። መንገድ ላይ ነው ያወቅኩት፤ ሰው ሲያየኝ።

ትምህርት ቤቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይለቃል፤ እትዬ ሄደው ያመጧታል። እኔ ቤት የደረስኩት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ደረጃውን እስከ ሦስተኛው ፎቅ የወጣሁት እየሮጥኩ ይመስለኛል። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጠዋል፤ የቁንጫን እግር ፎጣ በተነጠፈበት ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ጎናቸው ትሪ ላይ የማሩ ጠርሙስ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ከአሮጌ አንሶላ እየተተረተረ በሥርዓት የተጠቀለለ ጨርቅ አለ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ፋሻውን እየላጡ ነው። በጥንቃቄ፣ በፍቅር፤ ይህን አልክድም። ልጄ የዩኒፎርሟን ኮሌታ በጥርሷ ይዛ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። እንዴት አድርጋ ሳትጮኽ ማልቀስ እንደተማረች አውቃለሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ምን እየሆነ ነው?» አልኩ።

«ምን ይሆናል፣ ማር እየጨመርኩላት ነዋ። እንዲህ ያለ ጉልበት አይቼ አላውቅም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ይጠጣዋል። ወፍራም አድርጌ እቀባዋለሁ፣ በማግስቱ ስፈታው ደረቅ! ቁስሉ ምን ያህል ቢጠማው ነው? ብዬ እጨምራለሁ፣ አሁንም ደረቅ። ጠርሙሱን ልትጨርሰው ነው እኮ፣ እኔ እንኳ ዳቦዬን ማር መቀባት ትቻለሁ።»

ፋሻው ከነስሱ ቆዳ ተላቀቀና ደሙ በቅልጥሟ ላይ ቀጥ ብሎ ወረደ። ማሩ የት እንደገባ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። መናገር ነበረብኝ። «እትዬ፣ የማጥበው እኔ ነኝ» ማለት አምስት ቃል አይሞላም። አላልኩም። «ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ከፍ አለ። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቀው በዘንቢላቸው ከተቱ። «ማሩን ሐኪሟ ራሷ ትየው። በማሬ የሚመጣ ነገር ካለ ፊቴ ላይ ትንገረኝ።»

ጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእሷ እግር ሃያ። በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ልጄን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ጎናችን የተቀመጠች ሴት «ምን ሆና ነው?» ስትል እትዬ «ወድቃ» አሉ፤ እኔም «ወድቃ» አልኩ። ከዚያ በላይ ሁለታችንም አልደፈርንም። እኔ በየሁለት ደቂቃው ግንባሯን እነካለሁ። አራተኛ ጊዜ ስነካት ጭንቅላቷን ሸሸት አደረገች። የሬዲዮ እጅ ጭኗን ሲመታ በዓይኔ ላይ ይመላለሳል። እስከዚህ፣ እስከዚህ። ይህቺ ልጅ ገመድ ትዘላለች፤ ከክፍሏ አንደኛ ናት በገመድ።

ሲስተሯ ወጣት ናት፤ እጇን ስትታጠብ ረጅም ጊዜ ወሰደች። ቁስሉን ጎንበስ ብላ አየች፣ አሸተተች፣ ዙሪያውን በሁለት ጣት ተጫነች፤ ሙቀት መለኪያውን በልጄ ብብት አድርጋ ጠበቀች። እኔ ፊቷን ነው የማየው። «ትኩሳት የላትም» አለች። «መግልም አልያዘም። መቅላቱም ከቁስሉ ጠርዝ አላለፈም።» አየር ሳብኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስቤ የማላውቅ መሰለኝ። ግን አልጨረሰችም። «የገረመኝ ለምን እንዳልዳነ ነው። ይኸው፣ በዚህ በኩል አዲስ ቆዳ ጀምሮ ነበር፤ ተነቅሏል። እዚህም። አንድ ሰው ደጋግሞ እየላጠው ነው። ማነው የሚፈታው? በቀን ስንት ጊዜ?»

እትዬ ጣሪያውን አዩ። እኔ ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ፤ አንዲት ቃል እንኳ አላነበብኩም።

«እኔ ነኝ» አለች ቁንጫ።

«አንቺ?»

«እየፈታሁ እነካካዋለሁ። ያሳክከኛል።»

ሲስተሯ ራሷን ነቀነቀች። «ጎበዝ ልጅ መስለሽኝ ነበር! ይሄን ያህል ቀን እናትሽን ስታስጨንቂ? እጅሽን አስሬ ልላክሽ?» «ይቅርታ» አለች ልጄ፣ አንገቷን ደፍታ። ሲስተሯ ከጥቅሉ ጥጥ ቆረጠች፣ በንጹሕ ውኃ አራሰችው፣ የቁስሉን አንዱን ጎን ጠረገች፣ ጥጡን ጣለች፣ ሌላ ቆረጠች። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብያለሁ። እትዬም ዝም ብለዋል። ሁለት ትልልቅ ሴቶች የሰባት ዓመት ልጅ ስትሰደብልን ቆመን አየን። ያቺን ዝምታ አሁን ሳስባት ጆሮዬ ይግላል።

«እሷ አይደለችም» አልኩ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። ጠዋትና ማታ እየፈታሁ ማሩን አጥባለሁ። አልኮልም አደርግበታለሁ። እትዬ ሳያውቁ።»

እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ። የሚሉኝን ሁሉ ለመቀበል አንገቴን አዘጋጀሁ። «ማሩን… አንቺ ነሽ?» አሉ። ከዚያ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ እኮ ይጠጣዋል ብዬ… ጠዋት አንቺ ወደ ሥራ ስትሄጂ አንዴ እፈታዋለሁ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ላይ። ስትመለስ ደግሞ ቤት። የጠዋቱን ለእናትሽ አትንገሪ ብያት። መሥሪያ ቤት ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«እኔም ለእትዬ አትንገሪ ብያት ነው።»

ለካ ጠዋት በር ላይ ተሰናብቻት ስሄድ እትዬ ከሌላው መንገድ እየደረሱ በአጥሩ በኩል ያስወጧታል፤ «ለማንም ለማንም» ያለችኝ ለዚህ ነው። ሲስተሯ ጥጧን እንደያዘች እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ልጄን አየች። «አራት ጊዜ» አለች። «በቀን አራት ጊዜ። ይሄ ልብስ ነው እንዴ እንዲህ የሚታጠበው?» እጆቼን ከሽርጤ ሥር ከተትኩ። ከዚያ ለሁለታችንም፣ እንደ ተማሪ አቁማን፣ ነገረችን። አልኮሉ ጀርሙን ብቻ አይደለም የሚገድለው፣ የሚያሽረውንም አዲስ ሥጋ ያቃጥላል። ማር ከቁስል ውኃ ስለሚስብ ፋሻው ይርሳል፤ ቢጫው ማር ነው እንጂ መግል አልነበረም። መግል ከሆነ ይሸታል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ መቅላቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ማር አይደለም፣ ሐኪም ነው። «እና ማሬ?» አሉ እትዬ፣ ዘንቢሉን ከፍተው። ሲስተሯ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣችው። «ለእንዲህ ያለ ጭረት፣ ንጹሕ ማር በንጹሕ ጨርቅ፣ በቀን አንዴ ብቻ ቢሆን አይከፋም ነበር። አሁን ደርቆ ይሽር እንደሆነ አየዋለሁ።» ጠርሙሱን አዘነበለችው። «ይሄ ግን የዳቦ ፍርፋሪ አለበት፣ እማማ። ይሄን ብሉት።»

ቁስሉን በማይጣበቅ ፋሻ አሰረችው፤ ቋጠሮውን በቀኝ በኩል አደረገችው። ዓርብ እዚሁ እንደሚፈታ፣ እስከዚያ እኔም እሳቸውም በጣታችን እንዳንደርስበት ነገረችን። ለልጄ «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ያለ ጥፋትሽ ተቆጣሁሽ» አለቻት። ልጄ ፋሻውን ታያለች፣ እንደ ሌላ ሰው ጉልበት።

ስንወጣ እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችኝም። እትዬም ዘረጉ፤ የሳቸውንም አልያዘችም። ብቻዋን፣ እግሯን እየወረወረች፣ አሥር እርምጃ ያህል ቀድማን ሄደች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እኔና እትዬ ትከሻ ለትከሻ ሆንን፤ በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እንዲህ ተጠግተን አናውቅም። ማን ይጀምር? እኔ የጠዋቱን፣ የመስኮቱን ወሬ ላነሣ አስቤ ቃሉን አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። እትዬ ቀደሙኝ። ዘንቢላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«የወደቀች ዕለት። አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ። ልጅቷን አደራ ብለሽኝ ወጥተሽ፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በር ከፍታ ስትወጣ አልሰማሁም። የነቃሁት ስትጮኽ ነው።» ወደ እኔ አላዩም፤ ፊት ፊቷን፣ የልጅቷን እግር ያያሉ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ነገር ትይኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ምንም አላልሽም። ለጎረቤቱ ሁሉ ቀድሜ በአንቺ ላይ አወራሁ።»

ልነግራቸው የምችለው ብዙ ነበር፤ በመስኮቱ ሲያወሩ እንደሰማኋቸው፣ እንዳቃጠለኝ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። «አንቺስ?» አሉኝ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፣ ለዘጠኝ ቀን እንደለመድነው።

ቁንጫ ቆመች። ጤነኛው እግሯ ላይ ተደግፋ ዞረች። ዓይኖቿ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ሄዱ፤ ማን ምን እንዳትናገር ሊያዛት እንደሆነ የምትጠብቅ ትመስላለች።

«ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» አለች።

«አዎ» አልናት፣ ሁለታችንም።

«እንግዲያው ጮክ በሉ» አለችና ቆማ ጠበቀችን።